ባጃጁን ከመሸጣችሁ በፊት፦ ብዙ የተጠቀሰ ሐኪም ይሻላል ወይ?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምንኖረው። የ19 ዓመት እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት። ፌኖ (ፌኖባርቢታል የሚባለውን መድኃኒት) መውሰድ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ቢቀንስላትም አሁንም በወር ወይ በሁለት ወር አንዴ ትወድቃለች። ክትትሏ ሐረር ነው። ውጭ አገር ያለው የአጎታችን ልጅ በዚህ በሽታ ምርምር ስሙ የገነነ የአንድ ፕሮፌሰር የጉግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ) መረጃ ላከልን፤ ሥራዎቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ተጠቅሰዋል፣ ኤች-ኢንዴክስ የሚሉትም ከመቶ በላይ ነው። ሐረር የሚያያትን ሐኪም ስም ስንፈልግ ሦስት ጽሑፍ ብቻ አገኘን። እናታችን ባጃጁን ሸጠን ፕሮፌሰሩ ጋ እንውሰዳት እያለች ነው። ይሄ ቁጥር ምን ማለት ነው? ብዙ የተጠቀሰው ይሻላል?»

ወንድሜ፣ የድሬ ልጅ ነህና «አንተ» ብልህ ቅር እንደማይልህ አውቃለሁ። ሥራዬ የነርቭ ሕክምና ነው፤ ሐረር ላይ ሕሙማን አያለሁ፣ ተማሪ አስተምራለሁ፣ በሚጥል በሽታ ላይም ምርምር እሠራለሁ። ስለዚህ ጥያቄህ በሁለት በኩል ይነካኛል፤ በቁጥሩም በእህትህም። ከሁሉ በፊት ግን ባጃጁን አትሽጡ። ቢያንስ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ፣ ከታች የምጽፋቸውንም ነገሮች ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገሩ አትሽጡ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሆነ። አንድ ተመራማሪ ጽሑፍ ሲያወጣ «ይህን ያልኩት እገሌ በዚህ ዓመት ካገኘው ተነሥቼ ነው» እያለ የቀደሙትን ሥራዎች ይጠራል፣ መጨረሻ ላይም ይዘረዝራቸዋል። የአንተ ሥራ በሌላ ሰው ዝርዝር ውስጥ በገባ ቁጥር አንድ ጊዜ ተጠቀሰ ይባላል። ይህን በስፋት ሰብስቦ ማውጫ ያደረገው ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሳይንስ ጥቅስ ማውጫውን ፊላደልፊያ ላይ ሲያወጣ ያሰበው አንባቢው የአንድን ሐሳብ ዱካ እንዲከተል ነበር፤ ሐሳቡ ከማን ተነሣ፣ ማን ጋ ደረሰ፣ ማን አረመው የሚለውን። ማውጫው ሲሠራ ሰው ሐኪም ይመርጥበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ የቅርብ ነገር ነው። ሆርሄ ሂርሽ የተባለ ካሊፎርኒያ የሚያስተምር የፊዚክስ ሊቅ በ2005 ያመጣው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው አምስት ጽሑፎች አሉት እንበል፤ የመጀመሪያው 40 ጊዜ፣ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 6፣ አራተኛው 4፣ አምስተኛው 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ስላሉት ኢንዴክሱ 4 ነው። ሌላው ሰው አንድ ሥራው ብቻ 2,000 ጊዜ ቢጠቀስለት፣ የቀሩት ደግሞ 3፣ 2 እና 1 ጊዜ ቢሆኑ ኢንዴክሱ 2 ነው። ሕክምናን የለወጠው ሁለተኛው ሰው ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሚዛን ግን ከመጀመሪያው ያንሳል። ይህ ቁጥር ዕድሜ በገፋ፣ የሥራ ባልደረባ በበዛ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ያ ፕሮፌሰር ከመቶ በላይ ከሆነ ረጅም ዘመን የሠራ፣ ትልቅ ቡድን ያለው፣ ሌሎች ተመራማሪዎች የሚሰሙት ሰው ነው። ይህ ክብር ይገባዋል፤ አላሳንሰውም። ነገር ግን ቁጥሩ የሚነግርህ ስንት ጸሐፊ ሥራውን እንደተጠቀመ ነው። የእህትህን ራስ ምታት፣ የመድኃኒቷን ሰዓት፣ ስትወድቅ ዓይኗ ወዴት እንደሚዞር አይነግርህም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። በሚጥል በሽታ ምርምር እጅግ ከሚጠቀሱት ጽሑፎች መካከል አዲስ መድኃኒት ያላገኙ፣ ለቃል ትርጉም ያበጁ ሥራዎች አሉ። በ1909 ቡዳፔስት ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ አለ፤ ኤፒሌፕሲያ የሚባለው መጽሔት የእሱ ነው። በ2014 ሮበርት ፊሸርና ባልደረቦቹ በዚያ መጽሔት ላይ በሽታው አለ የሚባለው መቼ እንደሆነ በየኑ። እንደ ትኩሳት፣ ወባ ወይም የስኳር መውረድ ያለ የቅርብ ሰበብ ሳይኖር ከ24 ሰዓት በላይ በሆነ ልዩነት ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው በሽታው አለበት፤ አንዴ ብቻ ወድቆም በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ዳግም የመውደቅ ዕድሉ ከመቶ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ በሽታው የሚጽፍ ሁሉ «እኔ ሕመምተኛ ብዬ የቆጠርኩት ማንን ነው» የሚለውን መመለስ ስላለበት ይህን ይጠቅሳል። እኔም ጠቅሻለሁ፣ ተማሪዎቼም ይጠቅሳሉ። ጥሩ ሥራ ነው። ጥቅሱ የበዛው ግን ሁሉም በዚያ በር ማለፍ ስላለበት ነው።

በሌላ መንገድም ቁጥር ይበዛል። በዓለም ላይ ያለውን የበሽታ ጫና የሚያሰሉ ግዙፍ ጥናቶች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ በ2019 ላንሴት ኒውሮሎጂ ላይ የወጣው በ2016 በዓለም 45.9 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት የገመተ ነው። የዚህ ዓይነት ሥራዎች የጸሐፊዎች ዝርዝር አንዳንዴ መቶዎችን ያልፋል፣ ከእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ስም አለበት። ሥራው ሲጠቀስ ለሁሉም እኩል ይቆጠራል፤ መረጃውን ከስር ጀምሮ ለተነተነውም፣ ረቂቁን አንብቦ አስተያየት ለሰጠውም። እንዲሁም ከሚጠቀሱት የበሽታው ሊቃውንት ብዙዎቹ ሕመምተኛ አያዩም። አንዱ አይጥ ላይ ይሠራል፣ አንዱ ዘረመል ያጠናል፣ አንዱ ስሌት ነው ሥራው። መረጃው የተላከላችሁ ፕሮፌሰር ሕክምና ይሰጣል ወይ? ይህን መጠየቅ ይቀድማል።

ደግሞም ብዙ መጠቀስ ትክክል መሆን አይደለም። በ1998 ላንሴት ላይ የወጣ፣ 12 ሕፃናትን ይዞ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘ ጽሑፍ ነበር። በ2010 መጽሔቱ ራሱ ሰረዘው። ግን ከተሰረዘም በኋላ እንኳ መጠቀሱ አልቆመም፤ የጠቀሱት ብዙዎቹ ስሕተቱን ሊያሳዩ ነው። ቆጣሪው ግን ሙገሳውንም ተቃውሞውንም አንድ ብሎ ይቆጥራል።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመልስህ፤ እዚህ ላይ ልቤ አለበትና ትንሽ ልቆይ።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን ምናልባት በጓያ ሽባነት ላይ በሠሩት ታውቃቸው ይሆናል። በ1980ዎቹ ቡታጅራ ላይ፣ መስቃንና ማረቆ ወረዳ ውስጥ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 የገጠር ነዋሪ ያካተተ ጥናት አደረጉ። ከዚህ ሕዝብ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ፤ ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው። በ1990 ታተመ። ሰው እግር የማይደርስበት ድረስ ሄዶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ከጓሮ የተደበቀውን ልጅ አስጠርቶ የተገኘ ቁጥር ነው። ሐኪም ቤት ቁጭ ብሎ የመጣውን ብቻ መቁጠር እንዲህ ያለ ነገር አይሰጥም፤ ይህን በሽታ ቤተሰብ ይደብቀዋልና። ከተገኙት መካከል የታወቀውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በ1997 ደግሞ በዚያው ሕዝብ ውስጥ በየዓመቱ ስንት ሰው አዲስ እንደሚታመም አወጡ፤ ከመቶ ሺህ 64። እኔ ዛሬ ሐረር ላይ ተቀምጬ «በዚህ ወረዳ ይህን ያህል ሕመምተኛ ይኖራል፣ ይህን ያህል መድኃኒት ይዘዝ» ብዬ ስሟገት የምይዘው ይህንን ነው። በአፍሪካ ከተሠሩት ትላልቅ ጥናቶች አንዱ በ2013 የወጣው ኬንያን፣ ኡጋንዳን፣ ታንዛኒያን፣ ጋናንና ደቡብ አፍሪካን ነው የያዘው፤ ከአምስቱ ጣቢያ አንዱም ኢትዮጵያ አልነበረም።

የቡታጅራው ሥራ በጥቅስ ብዛት ከፊሸሩ ትርጉም ጋር አይወዳደርም። ሊወዳደርም አይችልም፤ ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የሚጽፍ ሰው ስንት ነው? በዚያ ላይ የስማችን ነገር አለ። የውጭ ማውጫዎች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዛሉ። የእኛ ስም ደግሞ የራስና የአባት ነው። የእሳቸው ስም አንዱ ጋ «ተክለሃይማኖት ረ.» ተብሎ፣ ሌላው ጋ «ሃይማኖት ረ. ተ.» ተብሎ ገብቷል። የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ሰው ተከፈለ ማለት ነው። በእኛ ከተማ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ መሐመድ አህመድ ወይም አብዲ መሐመድ የሚባሉ ስንት ተመራማሪዎች አሉ፣ ቆጣሪውም የሁሉንም ሰብስቦ ለአንዱ ይሰጠዋል። የእህትህ ሐኪም «ሦስት ጽሑፍ» ስትሉ በየትኛው የስም አጻጻፍ ፈለጋችሁ? በአባቱ ስም? በአያቱ? ሦስትም ቢሆን ግን ነውር የለበትም። በክትትል ቀን ወንበሩ እስኪሞላ ሰው የሚያይ ሐኪም ለመጻፍ የሚተርፈው ሌሊቱ ነው። ሦስቱን ጽሑፎች አንብቧቸው። ስለ ሐረርጌ ሕመምተኞች ከሆኑ ለእህትህ ከሺህ ጥቅስ የሚበልጥ ነገር ሊኖርባቸው ይችላል።

ወደ እህትህ ልመጣ። በጣም የተጠቀሱት ሥራዎች ፍሬያቸው አሁን ለሁሉም የተከፈተ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ዘንድ መሄድ ሳያስፈልግ ሐረር ላይ ይሠራባቸዋል። አንዱን በደንብ ላሳይህ።

በ2000 ፓትሪክ ክዋንና ማርቲን ብሮዲ ግላስጎው ውስጥ የተከታተሏቸውን 525 ሕመምተኞች ውጤት አወጡ። ከመቶው 63ቱ መውደቅ አቆሙ። ከዚያ በፊት መድኃኒት ቀምሰው ከማያውቁት ውስጥ 47 በመቶው በመጀመሪያው መድኃኒት መውደቅ አቆሙ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ መድኃኒት ተቀይሮላቸው ያቆሙት 14 በመቶ ያህል ነበሩ። ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ተሰጥቷቸው ያቆሙት ደግሞ 3 በመቶ ብቻ። ከዚህ ተነሥቶ ሊጉ በ2010 አንድ ወሰን አበጀ፦ ለበሽታው ዓይነት በትክክል የተመረጡ፣ ሕመምተኛው የቻላቸው፣ በበቂ መጠን የተወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ካልሠሩ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ይባላል፤ ያኔ ወደ ከፍተኛ ማዕከል መላክ ይገባል።

እህትህ ስንት መድኃኒት ሞከረች? ከጻፍከው እንደምረዳው አንድ። ፌኖ ብቻ። ገና ሁለተኛው በር አልተንኳኳም።

ፌኖን ግን አትናቁት። ጀርመናዊው አልፍሬድ ሃውፕትማን በ1912 ለዚህ በሽታ እንደሚሆን ካሳየ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገለግል ኖሯል፤ ርካሽ መሆኑ ደካማ አያደርገውም። እንዲያውም ማንም ቢመክራችሁ በድንገት እንዳታቋርጡት፤ በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መውደቅ ሊያመጣ ይችላል። ጥያቄው መጠኑ ለክብደቷ በቂ ነው ወይ፣ በየቀኑስ ትወስደዋለች ወይ የሚለው ነው።

ይህን «በየቀኑ» የምለውን ነገር አንድ ቀን ከባቢሌ በኩል የመጣች እናት ናት በደንብ ያስተማረችኝ። ልጇ 11 ዓመቱ ነበር። ካርዱ ላይ ሁለት ጊዜ «አልተሻለውም» ብለን ጽፈን ሁለት ጊዜ መጠን ጨምረንለታል። በሦስተኛው ሌላ መድኃኒት ልንቀይር ስንል፣ የቀረውን አሳዪን አልኳት። የሻሿን ጫፍ ፈታች። በቋጠሮው ውስጥ በትንሽ ላስቲክ የተጠቀለለ ኪኒን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ቆጠርን፤ ወሩ አልቆ አሥራ ዘጠኝ ቀርቷል። «ሦስት ሳምንት ሳይወድቅ ቆየ፤ ዳነ ብዬ ለሚወድቅበት ቀን አስቀመጥኩለት» አለችኝ። ራስ ሲያም እንደሚወሰድ መድኃኒት አድርጋው ነበር። ማንም አልነገራትም፤ እኛም አልነገርናትም። መድኃኒቱን አልቀየርንም። በየማታው፣ ቢወድቅም ባይወድቅም፣ እንዲወስድ ነገርናት፣ ልጁም ራሱ እየቆጠረ ምልክት እንዲያደርግ ወረቀት ላይ መስመር አሰመርንለት። በሚቀጥለው አራት ወር አልወደቀም። ሊጉ «በበቂ መጠን የተወሰዱ» ያለው ይሄ ነው። እናትህን ገመና እንደመግለጥ ሳታደርገው ጠይቃት፤ ኪኒኑ አልቆ ቀጠሮ ያልደረሰበት ወር ነበር ወይ? ለመንገድ ወጪ ሲባል የዘለላችሁት ቀጠሮስ? በጾም ወራት ሰዓቱ ተዛብቷል ወይ? ፌኖ ብዙውን ጊዜ ማታ አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ከጾም ጋር ማስማማት አያቅትም፤ ግን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። የእንቅልፍ ማጣትም ቀላል ነገር አይደለም። ቤታችሁ ሌሊቱን ጫት እየተቃመ የሚመሽ ከሆነ፣ እሷ ባትቅምም እንኳ የምትተኛበት ክፍል ጸጥ ያለ ይሁንላት።

ሁለተኛ መድኃኒት ከታሰበ ደግሞ፣ ሴት ልጅ ናትና፣ ቫልፕሮኤት ስለሚባለው መድኃኒት ማወቅ አለባችሁ። ኪምፎርድ ሚዶርና ባልደረቦቹ በአሜሪካና በብሪታንያ ነፍሰ ጡር እናቶችን ተከታትለው ልጆቹ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው በ2013 ውጤቱን አወጡ። እናቶቻቸው ቫልፕሮኤት የወሰዱ ልጆች የአእምሮ መለኪያ ውጤታቸው አማካዩ 97 ነበር፤ ላሞትሪጂን የወሰዱት 108፣ ካርባማዜፒን የወሰዱት 105። በአካል ጉድለት የሚወለዱም ይበዛሉ። ስለዚህ ለ19 ዓመት ልጅ ቫልፕሮኤት ቢታዘዝ «ሌላ አማራጭ የለም ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። አንዳንዴ በእርግጥ ሌላ አይኖርም፤ ያኔ ሐኪሙ ምክንያቱን ይነግራችኋል። ፌኖም ቢሆን የወሊድ መከላከያ እንክብልንና በክንድ የሚቀበረውን ኃይል ይቀንሳል። ይህን ለእሷ ብቻ፣ ወንድም በሌለበት፣ ሴት ነርስ ብትነግራት ይሻላል።

የመውደቁ ዓይነትም ገና አልታወቀኝም። ካርባማዜፒን ለአንዱ ዓይነት እጅግ ጥሩ ሆኖ ለሌላው ሊያብስ ይችላል። ጠዋት ስትነሣ እጇ ድንገት ነጠቅ እያለ ሻይ ትደፋለች ወይ? አንዳንዴ ሳትወድቅ ዝም ብላ ፈዝዛ አፏን ታላምጣለች ወይ? አንድ እጇ ወይም አንድ ጎኗ ይጀምራል ወይ? ይህን የሚመልሰው ከእኔም ከፕሮፌሰሩም ይልቅ አንተ ነህ፣ በስልክህ። ስትወድቅ አንድ ሰው ይያዛት፣ አንተ ከመጀመሪያው ቅረጽ፤ መብራት አብራ፣ ፊቷና ሁለቱ እጆቿ ይታዩ፣ ዓይኗ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ይታይ። ለክብሯ ስትል ከሐኪሙ በቀር ለማንም አታሳይ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ የሕመም ታሪክ ይበልጥብኛል።

እየቀረጽክ ሰዓቱን እይ። በ2015 ኦይገን ትሪንካና የሊጉ ባልደረቦች ያወጡት ሌላ በጣም የተጠቀሰ ሥራ አለ፤ ለእናንተ የሚሆነው ፍሬው በአንድ ቁጥር ያልቃል፦ 5 ደቂቃ። ሙሉ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠው ከ5 ደቂቃ ካለፈ በራሱ የመቆም ዕድሉ ይቀንሳልና ባጃጁን አስነሥታችሁ ቅርብ ወዳለው ሐኪም ቤት ሩጡ። (ያልተሸጠ ባጃጅ ያስፈለገበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።) እስከዚያው በጎኗ አስተኟት፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተትንም ተዉት። ሰፈሩ ሁሉ ክብሪት ይዞ እንደሚሮጥ አውቃለሁ፣ በፍቅር ነው፤ ግን ያስነሣት የመሰላችሁ ክብሪቱ ሳይሆን ጊዜው ነው፣ ስንቱን ሰው ደግሞ አፍንጫውን አቃጥሎታል። ከሰል ላይ ብቻዋን ቡና እንዳታፈላም አድርጉ። የተቃጠለ እጅ ብዙ አይቻለሁ።

እንግዲህ ወደ ውጭ መሄድ መቼ ነው የሚያዋጣው? ሁለት መድኃኒት በትክክል ተሞክሮ ካልሠራ፣ ኢ.ኢ.ጂ (የአንጎል ሞገድ ምርመራ) እና ኤም.አር.አይ (የአንጎል ምስል) ተነሥቶ መነሻው አንድ ቦታ ላይ ከታየ፣ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። በ2001 ሳሙኤል ዊብና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ 80 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። በዓመቱ መጨረሻ ራስን ከሚያስት መውደቅ ነፃ የሆኑት ቀዶ ከተመደበላቸው 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ከቀጠሉት 8 በመቶ ነበሩ። ለእንዲህ ያለው ነገር መንገዱ ሐረር ባለው ሐኪም በኩል ነው፤ እሱ ወደ አዲስ አበባ ይልካችኋል፣ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል አለ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልግ ከሆነ በወረቀት ይነገራችኋል። ያኔ ባጃጅ ቢሸጥም ለምን እንደተሸጠ ይታወቃል። ያኔም ቢሆን የምትፈልጉት የቀዶ ቡድን ያለበት ማዕከል ነው፤ የጥቅሱ ብዛት ለብቻው አያሳያችሁም።

ለፕሮፌሰሩ መጻፍ ከፈለጋችሁ ግን ጻፉ። በየጽሑፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ደብዳቤ የሚቀበለው ጸሐፊ ኢሜይል ታትሟል፤ የተቀመጠው ሊጻፍለት ነው። «ኑ፣ አክሙልን» አትበሉ፤ የኢ.ኢ.ጂውን ውጤት፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የመውደቁን ዓይነት በአጭሩ ጽፋችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ከመላካችሁ በፊት ለሐኪማችሁ አሳዩት፣ ስሙንም አብራችሁ ጨምሩ። የማውቃቸው ብዙ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ላለ ደብዳቤ ይመልሳሉ፣ ሐኪም አብሮ ሲጽፍ ደግሞ ይበልጥ ይመልሳሉ።

በቀጠሮዋ ቀን ከድሬ በሌሊት እንደምትነሡ አውቃለሁ፤ ደንገጎን ሳይሞቅ ለማለፍ። ስለዚህ ዋዜማውን ኪኒኗን ወስዳ በጊዜ ትተኛ፤ እንቅልፍ ያላገኘች ልጅ መኪና ውስጥ እንዳትወድቅ። የቀረውን ኪኒን ከነማሸጊያው ያዙ፣ ቪዲዮውን ያዙ፣ የወደቀችባቸውን ቀናት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ሲጥላት አብሯት የነበረው ሰው ራሱ ይምጣ። ክፍሉ ስትገቡም ሐኪሙን መጀመሪያ ይህን ጠይቀው፦ «ፌኖው ለክብደቷ ይበቃታል? ካልሆነስ ሁለተኛው የትኛው ነው?»